ካርታው ተቃጠለ፤ ቁማሩስ?

የምንባብ ክፍል፦ መሳፍንት 14፥10-20፤ ማቴዎስ 23፥23-24

ብዙዎች "ይህ እኮ ያለቀ ጉዳይ ነው" የሚሉትን ነገር አንሥተን ልንሟገት ነው። ጉዳዩ የካርታ ጨዋታ ነው። በገደብም ሆነ በዲላ፣ በይርጋ ጨፌም ሆነ በወናጎ፣ በወንጌል አማኞች ቤት ያደገ ልጅ "ካርታ ኃጢአት ነው" የሚለውን ከፊደል ጋር አብሮ ነው የሚማረው። ወጣት ንስሐ ሲገባ ካርታውን አምጥቶ እንዲያቃጥል ይነገረዋል፤ ያቃጥላልም፤ ጉባኤውም እልል ይላል። በኪሱ ያለውን የቤቲንግ ትኬት ግን የሚጠይቀው የለም። ስልኩ ላይ የከፈተውን የውርርድ አካውንትም የሚጠይቀው የለም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ወጣት የቅዳሜ ጨዋታ ውጤት ሲጠባበቅ ይገኛል፤ ካርታ ግን ስለማይነካ "ቁማር ትቷል" ይባላል።

የምንለው ግልጽ ነው። ኃጢአቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ሳይሆን መያዣው ላይ ነው። መያዣ የምንለው በጨዋታ ላይ አስይዘን፣ ያሸነፈ የሚወስደውን፣ የተሸነፈ የሚያጣውን ገንዘብ ወይም ንብረት ነው። ወረቀቱን እያሳደዱ መያዣውን ማለፍ ጌታችን ፈሪሳውያንን የገሠጸበት ነገር ነው፤ ትንኟን በወንፊት እያጠለሉ ግመሉን ከነሻኛው መዋጥ።

ክልከላው ከየት መጣ?

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ወደ ዲላና ወደ ዙሪያዋ የመጡት የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን የወንጌልን ቃል ለአባቶቻችን አደረሱ፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ከወንጌሉ ጋር አብሮ ያደጉበት ባህልም መጣ። በዚያን ዘመን በሰሜን አሜሪካ ወንጌላውያን ዘንድ ካርታ፣ መጠጥ፣ ትምባሆና ዳንስ በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ። ምክንያትም ነበራቸው፤ ካርታው የሚገኘው መጠጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይም ገንዘብ ተቀምጦ ነበርና። ክልከላውን የተቀበሉ አባቶቻችን ቤታቸውን ከዕዳና ከስካር ጠብቀዋል። እኛም የዚያ ጥበቃ ፍሬ ነን። ስለዚህ በአባቶች ላይ አፋችንን አንከፍትም።

ችግሩ የመጣው ምክንያቱ ተረስቶ ክልከላው ብቻ ሲቀር ነው። ባዶ የቀረውን ቦታ ተረት ሞላው። "ንጉሡ እገሌን ይወክላል፣ ንግሥቲቱ እገሊትን፣ ጆከሩ ደግሞ ጌታን ለመሳደብ የተሣለ ነው" የሚል ትምህርት በየመድረኩ ይሰማል። ይህ እውነት አይደለም። ካርታ ወደ አውሮፓ የገባው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከግብፅ ከማምሉኮች አገር ነው። ጆከር የሚባለው ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ኢዩከር ለሚባል ጨዋታ የተጨመረ ትርፍ ካርታ ነው። ማንም ጌታን ሊሰድብበት አልሣለውም። ለእውነት የተጠራን ሰዎች ኃጢአትን እንኳ ለመቃወም ውሸት አያስፈልገንም። በተረት የተከለከለ ወጣት አንድ ቀን ተረቱ ተረት መሆኑን ያውቃል፤ ያን ጊዜ ከተረቱ ጋር እውነተኛውን ማስጠንቀቂያም አብሮ ይጥለዋል።

የሶምሶን እንቆቅልሽ

ቃሉ ስለ ውርርድ ዝም አላለም። መሳፍንት 14ን እናንብብ። ሶምሶን በሠርጉ ለሠላሳ ወጣቶች እንቆቅልሽ አቀረበ። እንቆቅልሽ ምን ክፋት አለው? እኛም ልጆች ሆነን ማታ ማታ እሳት ዳር "እንቆቅልህ" ተባብለን "ምን አውቅልህ" ብለናል፤ ያልመለሰ "አገር ስጠኝ" ይባላል፤ አገሩን "ሰጥቶ" ሳቅ በሳቅ ሆኖ ይተኛል። ሶምሶን ግን በእንቆቅልሹ ላይ መያዣ አስቀመጠ፤ ሠላሳ የበፍታ ቀሚስና ሠላሳ ቅያሪ ልብስ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። መያዣው ስለ ከበደባቸው ወጣቶቹ መልሱን በእውቀት መፈለግ ትተው ሙሽራይቱን አስፈራሩ፤ ካላወጣሽልን አንቺንም የአባትሽንም ቤት እናቃጥላለን አሏት። እርስዋ በባልዋ ላይ አለቀሰች፤ ምሥጢሩንም አወጣች። ሶምሶን ዕዳውን ሊከፍል ወደ አስቀሎና ወርዶ ሠላሳ ሰው ገድሎ ልብሳቸውን ገፈፈ። ሠርጉ ፈረሰ። ምዕራፍ 15 ላይ እርሻው ነደደ፤ መጨረሻም ያቺው ሴት ከአባትዋ ጋር በእሳት ሞተች። እንቆቅልሹ ያለ መያዣ ቢጠየቅ ኖሮ ሰባት ቀን የሚያስቅ የሠርግ ጨዋታ ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣው በላዩ የተቀመጠው ልብስ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ይህን ታሪክ ይዞልን ሳለ "የጌታ ቃል ስለ ቤቲንግ ምን ይላል?" ብሎ የሚጠይቅ ወጣት መልስ ማጣት የለበትም።

ዕጣና ቁማር አንድ አይደሉም

አንዳንዶች ደግሞ በሌላ ጫፍ ይመጣሉ። "ሐዋርያትም ዕጣ ጥለዋል፤ ታዲያ ሎተሪ ምን አለበት? ውርርድ ቤቱስ የመንግሥት ፈቃድ አለው አይደል?" ይላሉ። ሐዋርያት ለማትያስ ዕጣ ሲጥሉ (ሐዋ. 1፥26) ከማትያስ ይሁን ከዮስጦስ ኪስ የወጣ ብር አልነበረም። ምሳሌ 18፥18 ዕጣ ክርክርን እንደሚያስቀር ያስተምራል፤ ቁማር ግን ክርክርን ይወልዳል።

ልዩነቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዕቁባችንን እንይ። ዕቁብ ላይ ዕጣ ይወጣል፤ የዛሬው ባለ ዕጣ ደስ ይለዋል። ግን ማንም አልተበላም። ሁሉም የጣለውን በተራው ያገኛል፤ ዕጣው የወሰነው ማን እንደሚቀድም ብቻ ነው። ቁማር ላይ ግን የአንዱ ሳቅ የሌላው ልጅ ደብተር ነው። ውርርድ ቤቱ ሲከፍልህ ከራሱ ኪስ አውጥቶ የሰጠህ አይምሰልህ፤ ካንተ በፊትና ካንተ በኋላ ከተበሉት ነው። ጳውሎስ በኤፌሶን 4፥28 የሚሰርቅ ሰው ከእንግዲህ በገዛ እጁ ይሥራ ሲል ምክንያቱን አብሮ ይናገራል፤ ለሚያስፈልገው የሚያካፍለው እንዲኖረው። ቁማር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ያለ ሥራ መውሰድ፣ ከሚያስፈልገውም መንጠቅ። ፈቃድ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ይህን አይለውጠውም። የመንግሥት ፈቃድ የማይከሰስበትን ይነግረናል፤ የሚገባውን የሚነግረን የጌታ ቃል ነው።

ይህ ነገር ለገደብ የክርክር ርእስ ብቻ አይደለም። የቡናችንን ወቅት ሁሉም ያውቀዋል። እሸት ቡና ሲለቀም፣ ማጠቢያው ሲከፈት፣ ከወርቃ፣ ከጨልበሳና ከባንኮ ጎቲቲ ቡናው ሲወርድ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ብር በጥቂት ሳምንት ውስጥ በአንድ ቤት ያልፋል። ያ ብር የዓመቱ ልብስ፣ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የሕመም ጊዜ መጠባበቂያ፣ የጣራ ቆርቆሮ ነው። እናት ከልጆችዋ ጋር ለቅማ፣ አባት ተሸክሞ አውርዶ ያገኙትን ልጁ በአንድ ምሽት ሲያስይዘው የተበላው የልጁ ብር ብቻ አይደለም፤ የእናቱ ጣት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ገብቶ "ካርታ እንዳትነካ" ብሎ መውጣት እረኝነት አይባልም።

የውጭዎቹ ካርዶችና ዳኞቻቸው

አሁን ደግሞ ከገደብ ወጣ ብለን እንመልከት። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ልጆች ዘንድ ሌላ ዓይነት ካርታ አለ። እንደ እኛው ሃምሳ ሁለት ካርታ ሁሉም በአንድ ዓይነት አይጫወትም፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ካርዶች ይሰበስባል፤ ከሰበሰበው መርጦ የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል። ፖኪሞን ከእነዚህ አንዱ ነው። መንገዱን የከፈተው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው ሲሆን፣ ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ የሒሳብ ምሁር ፈጥሮት በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረበ። በስሙና በሥዕሎቹ ምክንያት በአሜሪካ ክርስቲያኖች ዘንድ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ሕሊናው በሥዕሎቹ የሚቆስል ክርስቲያን ቢተወው መልካም ያደርጋል፤ እኛም ማንንም ወደዚያ አንጠራም። ግን ከዚህ ጨዋታ ታሪክ ሁለት ነገር እንማር።

አንደኛው ይህ ነው። ጨዋታው መጀመሪያ ሲወጣ በደንቡ ውስጥ መያዣ ነበረበት። ሁለቱ ተጫዋቾች ከየጥቅላቸው አንድ አንድ ካርድ አውጥተው ያስቀምጡና ያሸነፈው ሁለቱንም ይወስዳል። ይህ ደንብ ብዙ አልቆየም፤ ቁማር ነው የሚለው ስጋት ተነሣ፤ ተጫዋቾችም ካርዳቸውን ማጣት አልወደዱም። ደንቡ ተተወ፤ ስለ መያዣ የሚናገሩ ካርዶችም ከይፋዊ ውድድር ታገዱ። ጨዋታው ግን አልሞተም፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እንግዲህ "ካላስያዝን ጨዋታው አይጥምም" የሚለው የሰፈራችን አባባል ሐሰት ነው። የሚጥመው ጨዋታ ያለ መያዣም ይጥማል፤ ያለ መያዣ የማይጥመው ቀድሞውኑ ጨዋታ አልነበረም።

ሁለተኛው ዳኝነቱ ነው። በእነዚህ ውድድሮች ላይ ዳኞች አሉ። ብዙዎቹ ትርፍ ጊዜያቸውን ሰጥተው፣ ደንቡን አጥንተውና ተፈትነው የሚያገለግሉ ናቸው። ሁለት ተጫዋቾች ካልተስማሙ አይጯጯኹም፤ ጨዋታውን አቁመው እጃቸውን አንሥተው ዳኛ ይጠራሉ። ዳኛው የሁለቱንም ቃል ሰምቶ ይፈርዳል፤ ያልተስማማ ለዋናው ዳኛ ይግባኝ ይላል፤ ያ ውሳኔ የመጨረሻ ነው። በጨዋታው ላይ መወራረድና ውጤትን በጉቦ መግዛት ከባድ ቅጣት ያስከትላል። ከዚህ ሁሉ የገረመን ደግሞ፣ ደንብ መጣሱን እያወቀ ለራሱ ጥቅም ብሎ ዝም ያለ ተጫዋች እንደ አጭበርባሪ ተቆጥሮ ከውድድሩ ሊባረር መቻሉ ነው።

ይህን ከእኛው ሚዛን ጋር አስተያዩት። ለወረቀት ጨዋታ "ስሕተቱን እያወቅህ ዝም አልህ" ተብሎ ሰው ይባረራል። በቡና ወቅት ሚዛኑ ወደ እርሱ እንዳጋደለ እያወቀ ዝም ያለ ገዢ ግን እሁድ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምሳሌ 11፥1 ሐሰተኛ ሚዛን በጌታ ፊት አስጸያፊ እንደ ሆነ ይናገራል። ካርታ አስጸያፊ ነው የሚል ቁጥር ግን ፈልገን አላገኘንም።

ዳኝነት አገልግሎት ነው

ጌዴኦ ዳኝነትን ከማንም ሊማር አይገባውም ነበር። የሶንጎ ባህላችን አለን። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሁለቱን ወገን ቃል በትዕግሥት ይሰማሉ፤ አጥፊው ጥፋቱን እንዲናገር ያደርጋሉ፤ ታርቀው እንዲነሡ ይደክማሉ። ጳውሎስ ደግሞ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 በወንድሞች መካከል ሊፈርድ የሚችል አንድ አስተዋይ ሰው እንኳ ከመካከላችሁ ጠፋን ብሎ ቆሮንቶሳውያንን ያሳፍራቸዋል። እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው በአንድ ቀን አይገኝም። በትንሽ ነገር እየፈረደ፣ በትንሽ ነገር እየታመነ ነው የሚያድገው።

ስለዚህ ወጣቶቻችንን ከጨዋታ ከማባረር ይልቅ ያለ መያዣ እንዲጫወቱና በእውነት እንዲዳኙ ብናስተምራቸው ይሻላል እንላለን። ኮንከርም ይሁን ቼዝ፣ ገበጣም ይሁን ጆተኒ፣ ደንቡ አስቀድሞ ይነገር። ዳኛው አይጫወት፤ ወንድሙ ሲጫወት ለሌላ ይልቀቅ። ድሀውን አዝኖ ባለጸጋውንም ፈርቶ አይፍረድ፤ ዘጸአት 23፥3 እና ዘሌዋውያን 19፥15 ይህን ነው የሚያዙት። የተሸነፈው እጅ ጨብጦ ይነሣ። በዚህ ያደገ ልጅ ነገ ሚዛን ሲይዝ፣ የማኅበር ገንዘብ ሲረከብ፣ በወንድሞች መካከል ለሽምግልና ሲቀመጥ ልምዱ አብሮት ይቀመጣል።

ሦስት ተቃውሞዎች

"ጊዜ ማባከን ነው" ይላሉ። ልክ ነው፤ ጸሎቱንና ሥራውን የበላ ጨዋታ ጊዜ ያባክናል። እግር ኳስ ማየትም ያባክናል፤ ስልክ ላይ ማፍጠጥም ያባክናል። ልኩን እናስተምር እንጂ አንዱን ብቻ ነጥለን አንኮንን። በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በገደብ መጠለያ በሞሉበት ጊዜ፣ ቤቱንና ማሳውን አጥቶ ቀኑ አልመሽ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሲጫወት ሳቀ እንበል። ያን ሳቅ ኃጢአት የሚለው ማነው? ዘካርያስ 8፥5 እግዚአብሔር የሚመልሳትን ከተማ ሲያሳይ አደባባይዋን በሚጫወቱ ልጆች የተሞላ አድርጎ ነው።

"ትንሽ መያዣ ምን አለው? የተሸነፈ ሻይ ይጋብዝ" ይላሉ። ሻይ መጋበዝ ከፈለግህ ሳትሸነፍም ጋብዝ። ከሻይ የተነሣ ስንቱ ስልኩን፣ ከስልኩም የእናቱን የቡና ብር እንዳስያዘ ሰፈራችን ያውቃል። በውድድር ስም የሚመጣውንም እንለይ። አዘጋጁ ከራሱ ለአሸናፊ ሽልማት ቢሰጥ ጳውሎስም ስለ ሯጮች አክሊል ተናግሯል። ሁሉም መግቢያ ከፍሎ የተሰበሰበውን አንዱ የሚወስደው ከሆነ ግን ስሙ ውድድር፣ ግብሩ ቁማር ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ወላጆችም ልጃችሁ የታሸገ የካርድ ፓኬት ደጋግሞ የሚገዛው ለጨዋታው ነው ወይስ ውድ ካርድ ወጥቶለት ሊሸጠው? ሁለተኛው ከሆነ የያዘው ሎተሪ ነው።

"ደካማ ወንድም ይሰናከላል" ይላሉ። ከሦስቱ ተቃውሞ ከባዱ ይህ ነው፤ አክብረን እንቀበለዋለን። ካርታ ባየ ቁጥር የበላውና የተበላው ብር ትዝ የሚለው ከቁማር የወጣ ወንድም ካርታ አይንካ፤ በእርሱ ፊትም አይጫወቱበት፤ "ነጻ ነህ እኮ" ብሎ የሚገፋፋውም ሮሜ 14ን ያንብብ። ነገር ግን ያው ምዕራፍ የማይበላው በሚበላው ላይ እንዳይፈርድም ያዛል። የሜቶዲስቶች አባት ጆን ዌስሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን "የላቀው መንገድ" በተሰኘ ስብከቱ ይህንኑ አንሥቶ ነበር። እርሱ ራሱ በንጹሕ ሕሊና ካርታ መጫወት እንደማይችል ተናገረ፤ በሌሎቹ ላይ ግን ለመፍረድ እንዳልታዘዘ፣ ለጌታቸው እንደሚተዋቸው ጨመረ። ካርታ የማይጫወት፣ በሚጫወተውም ላይ የማይፈርድ ሰው። እንዲህ ያሉ አባቶች ይብዙልን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መምህራን ሆይ፣ በሚመጣው የቡና ወቅት ብሩ እጅ ከመግባቱ በፊት ስለ ውርርድ በግልጽ አስተምሩ፤ ሶምሶንን አስተምሩ። የወጣት አገልጋዮች ሆይ፣ ንስሐ የሚገባውን ወጣት "ካርታህን አምጣ" ከማለት በፊት "ስልክህን ክፈት፤ ዕዳህን ንገረን" በሉት፤ የተበላውን ቤተሰብ ተከታተሉ፤ ዕዳውን የሚከፍልበትን ሥራ አብራችሁ ፈልጉ። ወላጆች ሆይ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ተጫወቱ፤ ዳኝነቱንም ለልጆቹ ስጧቸውና እንዴት እንደሚፈርዱ ተመልከቱ።

ጌታን ገና ያላወቅህና ይህን የምታነብ ወዳጃችን፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመምጣት የምትፈራው ካርታ ስለምትጫወት ከሆነ፣ አትፍራ፤ ና። ከመስቀሉ ሥር ወታደሮች በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ ይጣጣሉ ነበር (ዮሐንስ 19፥24)። የሚሞተውን ሰው ቀና ብለው ሳያዩ ልብሱን ለማን እንደሚደርስ ያዩ ነበር። እርሱ ግን ለእነርሱም ይሞት ነበር። አንተም የተበላኸው ብዙ ቢሆን፣ የበላኸውም ብዙ ቢሆን፣ የሁሉንም ዕዳ የከፈለው እርሱ ነው። ወደ እርሱ ስትመጣ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ኪስህን ሳይሆን ልብህን ነው፤ ልብህን ከሰጠኸው በኋላ ኪስህም የእርሱ ይሆናል።

ጌታ ቤታችንን ከቁማር፣ አንደበታችንን ከተረት፣ ሚዛናችንን ከሐሰት ይጠብቅ። አሜን።